መርፌው ከየት ተነሥቶ ይቆጥራል?

(በተማሪዎች ኅብረት የንግግር ምሽት የተሰጠ ንግግር)




የኅብረቱ የንግግር ክፍል ጸሐፊ ደስ ስለሚለኝ ነገር እንድናገር በጠየቀኝ ጊዜ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች በሠሯቸው ተዋጊ አውሮፕላኖች ውስጥ ስለነበሩት የሞተር መለኪያዎች እናገራለሁ አልሁት። ጸሐፊው ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ «ይህ ለጎንደር ምን ይበጃታል?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ዛሬ ማታ የምናገረው ሁሉ ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ነው፤ በቂ መሆኑን እናንተ ትፈርዳላችሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልግለጽ። ስለ ጦር ጀብዱ ልተርክ፣ ወይም ያንን አውሮፕላን ያሠራውን መንግሥት ላሞግስ አልመጣሁም። ያ መንግሥት በዓለም ላይ ያወረደውን መከራ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ የምናገረው ስለ መርፌ ነው፤ በመስተዋት ሥር ሆና እየተንቀጠቀጠች፣ የማይታየውን የሞተር ሆድ ዕቃ ስለምትነግረን ትንሽ መርፌ።

በመጀመሪያ የታሪኩን ስፍራ እንያዝ። ወደ አገራችን ከመጡት የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች አንዱ የጀርመን ሥራ ነበር። በነሐሴ ወር 1921 ዓ.ም. ፈረንሳይ ሠራሹ ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ ከገባ ጥቂት ሳምንት ሳይሞላ ዩንከርስ ደብልዩ 33 የተባለው ተከተለው። እ.ኤ.አ. በ1928 አትላንቲክን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ በመሻገር ስም ያተረፈው «ብሬመን» የዚሁ ዓይነት አውሮፕላን ነበር።

የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ግን በጎንደር ሰማይ ላይ አልተዋጋም። በጎንደር ላይ የተዋጉት የኢጣልያው ፊያት ሲ.አር. 42 እና የእንግሊዙ ግላዲያተር ናቸው፤ ሁለቱም ባለ ድርብ ክንፍ ነበሩ። ኢጣልያኖች ከአገራቸው ጋር የሚያገናኛቸው መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜ፣ ሲ.አር. 42ን ፈታትተው በትልልቅ የሳቮያ-ማርኬቲ 82 ማመላለሻ አውሮፕላኖች ሆድ ውስጥ እየጫኑ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ያመጡ ነበር። ጄኔራል ናሲ በጎንደር ሲከበብ ከዚያ ሁሉ አውሮፕላን የተረፉለት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ጥቅምት 14 ቀን 1934 ዓ.ም. ኢልደብራንዶ ማላቮልታ የተባለው ኢጣልያዊ አብራሪ ከነሲ.አር. 42 አውሮፕላኑ በደቡብ አፍሪካዊ ግላዲያተር ተመትቶ ከጎንደር በስተሰሜን በአምባዞ አካባቢ ወደቀ። በምሥራቅ አፍሪካ የአየር ለአየር ውጊያ በዚሁ እንዳበቃ ይጻፋል። በማግሥቱም ያው የመታው ወገን የሟቹን ጀግንነት የሚመሰክር ወረቀት ከአየር ላይ ወረወረ። ኅዳር 18 ቀን ጎንደር በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር እጅ ገባች።

በዚያው ወራት ኢጣልያኖች በጀርመኑ የዳይምለር-ቤንዝ 601 ሞተር የሚሄደውን ማኪ 202ን በሌላ ግንባር ማሰለፍ ጀምረው ነበር። ያ አውሮፕላን እዚህ አልደረሰም። ስለዚህ ዛሬ እኛው በአሳባችን እናምጣው፤ የዚያው ሞተር ጌታ የሆነውን ሜሰርሽሚት 109ን አዘዞ ሜዳ ላይ አቁመን፣ ከአብራሪው ወንበር ላይ ተቀምጠን ሰሌዳውን እንመልከት።

ወንበሩ እጅግ ጠባብ ነው፤ ትከሻ ግራና ቀኙን ይነካል። የበረራ መለኪያዎቹ ወደ ግራና ወደ መካከል፣ የሞተር መለኪያዎቹ በአብዛኛው ወደ ቀኝ ይገኛሉ። በየቦታው የቀለም ምልክት አለ፤ ቢጫው የነዳጅ፣ ቡናማው የዘይት፣ ሰማያዊው የኦክሲጅን ነው። ይህ ለጌጥ አይደለም። በጭንቅ ሰዓት ሰው ጽሕፈት አንብቦ የሚጨርስበት ጊዜ የለውም፤ ቀለም ግን ሳይነበብ ይታያል።

አንደኛው ዙር ቆጣሪው ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይናገራል። ሁለተኛው በአንድ ሣጥን ውስጥ ሁለት መርፌ የያዘው የነዳጅና የዘይት ግፊት መለኪያ ነው። ሦስተኛው የሙቀት መለኪያ ሲሆን በኤሌክትሪክ ይሠራል፤ ቀጭን ሽቦ በሞቀ ቁጥር ኤሌክትሪክን የመከልከል ጠባዩ ስለሚጨምር፣ ያንን ለውጥ መርፌው በዲግሪ ይተረጉመዋል። የነዳጁ መለኪያ በጋኑ ውስጥ በሚንሳፈፍ ነገር ይታዘዛል፤ ነዳጁ ሊያልቅ ሲቃረብ ቀይ መብራት ይበራል። በኋላ በተሠሩት ዓይነቶች ከሆዱ ሥር የሚንጠለጠለው ተጨማሪ ጋን ነዳጅ በአብራሪው አጠገብ በመስተዋት ቧንቧ ያልፍ ነበር። ቧንቧው ባዶ ሲሆን ጋኑ አለቀ ማለት ነው። ከዚህ የሚቀል መለኪያ አላየሁም፤ መርፌም ቁጥርም የለው፣ ዓይን ብቻ ይበቃዋል።

አራተኛው እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ነው። የውልብልቢቱ ምላስ አየሩን በምን ያህል ዘዌ እንደሚቀዝፍ የሚያሳየው መለኪያ የግድግዳ ሰዓት መልክ አለው። አብራሪው «ዘዌው ይህን ያህል ዲግሪ ነው» አይልም፤ ሲነሣ መርፌውን ወደ 12 ሰዓት ያቀርባል፣ ከፍ ብሎ ሲፈጥን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ሰዓት ማንበብ ማንም ሰው ስለሚያውቅ፣ ሠሪዎቹ አዲስ ትምህርት አልፈጠሩም።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ልበል። የአውሮፓ ሰው 12 ሰዓት የሚለውን እኛ 6 ሰዓት እንለዋለን። መርፌው ያው መርፌ፣ ፀሐዩም ያው ፀሐይ ነው። ልዩነቱ የመነሻው ነው፤ እነሱ ከእኩለ ሌሊት ተነሥተው ይቆጥራሉ፣ እኛ ከንጋት። 1934 ስል ጎንደር ነጻ የወጣችበትን ዓመት ታውቃላችሁ፤ አውሮፓዊ ግን ከጦርነቱ በፊት የነበረ ዘመን ይመስለዋል። ስለዚህ ማናቸውንም መለኪያ ከማመናችን በፊት የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይህ መርፌ ከየት ተነሥቶ ይቆጥራል? የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ወደ አምስተኛው መለኪያ ልለፍ። ይህ ወደ ሞተሩ ሲሊንደሮች የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካው ነው። ፊቱ ላይ ከ0.6 እስከ 1.8 የሚደርስ ቁጥርና «አታ» የሚል ቃል ተጽፎበታል። አታ ማለት በአንድ ስኩዌር ሴንቲሜትር ላይ የአንድ ኪሎ ክብደት የሚያህል ግፊት ማለት ነው። በመጨረሻ ያለችው «አ» ፊደል ግን ትልቅ ቁም ነገር ይዛለች፤ «ፍጹም» ማለት ናት። ይኸውም መርፌው የሚቆጥረው ምንም አየር ከሌለበት ፍጹም ባዶ ተነሥቶ ነው፤ በዙሪያው ካለው አየር ተነሥቶ አይደለም። በመለኪያው ውስጥ አየሩ ተመጥጦ የወጣለት፣ ከስስ ብረት የተሠራ ትንሽ ከረጢት አለ። በሞተሩ ቧንቧ ውስጥ ያለው አየር ያንን ከረጢት ሲጨምቀው መርፌዋ ትንቀሳቀሳለች። ከረጢቱ ባዶ ስለሆነ ሜዳው ከፍ ቢል ዝቅ ቢል አይታለልም።

አሁን ሞተሩን ሳናስነሣ መርፌዋን እንያት። ሞተሩ ሲቆም በቧንቧው ውስጥ ያለው አየርና የሜዳው አየር አንድ ነው። አውሮፕላኑ በባሕር ዳርቻ ቢቆም መርፌዋ ከ1 ጥቂት ከፍ ትላለች። አዘዞ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ስለሆነ መርፌዋ 0.8 ገደማ ላይ ትቆማለች። ከቆላ የመጣ ያልተማረ መካኒክ ቢያያት «ይህ መለኪያ ተበላሽቷል» ብሎ ይነቅለው ይሆናል። ዕውነቱን የተናገረችው ግን መርፌዋ ናት፤ የተሳሳተው ስፍራውን የረሳው ሰው ነው። ደባርቅ ላይ ብናቆመው 0.7 ጥቂት አለፍ ያለ፣ ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ቢወጣልን ከ0.6 ብዙም የማይርቅ ባነበብን ነበር። ይህን በማድረግ መካኒኩ መለኪያው ደኅና መሆኑን ይፈትነዋል፤ ከፍታውን ካወቀ መርፌዋ የት መቆም እንደሚገባት ያውቃልና።

ይህ ግፊት ለምን ይህን ያህል ይፈለጋል? አየሩ በሳሳ መጠን ሞተሩ የሚያቃጥለው ኦክሲጅን ያንሳል፤ አየር የሚጨምቅለት መሣሪያ የሌለው ሞተር አዘዞ ላይ ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል አጥቶ ይነሣል። ጀርመኖች በዳይምለር-ቤንዝ ሞተር ላይ አየር የሚጨምቅ ፈጣን ጎማ አኑረው፣ ከሞተሩ ጋር ያገናኙት በዘይት አማካይነት ነው። የአየሩን ግፊት የሚሰማ ሌላ ከረጢት አውሮፕላኑ ከፍ ባለ ቁጥር ዘይቱ እንዲበዛ ያዛል፣ ጎማውም ይበልጥ ይፈጥናል። በዚህ ዘዴ የ605 ዓይነቱ ሞተር ከራስ ደጀን ጫፍ አንድ ሺህ ሜትር ከፍ ብሎም፣ ማለት እስከ 5,700 ሜትር ገደማ፣ 1.30 አታ ይዞ ይወጣል። የውጭው አየር ግማሽ ያህል ሲቀር፣ በሞተሩ ውስጥ ያለው አየር ከባሕር ዳር ሰው ከሚተነፍሰው ይበልጣል።

ዳሩ ግን ይህ ጉልበት ገደብ አለው። 601 የተባለው ሞተር 1.30 አታን በ2,400 ዙር ለ5 ደቂቃ፣ 1.23ን በ2,300 ዙር ለ30 ደቂቃ ብቻ እንዲሠራበት ተወስኗል። በመጀመሪያው የ605 ዓይነት ላይ ደግሞ ትልቁ 1.42 አታ በ2,800 ዙር ነበር። ይህ ሞተር እ.ኤ.አ. በ1942 ወደ ጦርነት ሲገባ ብዙ ስለተቃጠለና ስለተሰበረ፣ አለቆቹ ከ1.30 በላይ እንዳይነካ ለረጅም ጊዜ ከለከሉ። በሰሜን አፍሪካ በረሃ ስሙ የገነነው አብራሪ ሃንስ ዮአኪም ማርሰይ እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ቀን 1942 ሞተሩ ተበላሽቶ ወንበሩ በጭስ ስለተሞላበት ሲዘል ሞተ፤ ዕድሜው 22 ዓመት ነበር። ጠላት አልመታውም። በ1.30 እና በ1.42 መካከል ያለው ርቀት በሰሌዳው ላይ ከጣት ጥፍር አይበልጥም፤ ከዚያች ጥፍር በላይ እንዳታልፍ ተብሎ ለስንት ሺህ አብራሪ ትእዛዝ ተጻፈ።

በሌላው አውሮፕላን በፎከ-ቩልፍ 190 ላይ አብራሪው ብዙ እንዳያስብ ብለው፣ አንዱን እጀታ ሲገፋ ዙሩን፣ የነዳጁን መጠንና የውልብልቢቱን ዘዌ ሁሉ በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ ሠሩለት። ነገር ግን መርፌዎቹን ከሰሌዳው ላይ አላነሷቸውም። መሣሪያው ቢያስብለትም፣ የሚጠብቀው ዓይን እንደሚያስፈልግ ያውቁ ነበር።

አሁን ወደ ሙቀት መለኪያው ልመለስ፤ ይህ እኔን በቤቴ ያገኘኝ ነገር ነው። ውሃ በባሕር ዳርቻ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ጎንደር ላይ ወደ 93፣ ደባርቅ ላይ ወደ 90 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። የደጋ እናቶች ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አልበስል እያለ የሚያስቸግራቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ውሃው ይንተከተካል እንጂ እንደ ቆላው አይሞቅም። በጀርመኖቹ ሞተር ውስጥ የሚዞረው ውሃና ግላይኮልም ይህንኑ ሕግ ይከተላል። ስለዚህ በግፊት አፍነው ያዙት፤ አብራሪውም ከፍ ባለ ቁጥር የሙቀቱ ገደብ ዝቅ እንደሚል መማር ነበረበት። አንዱ ቁጥር ለሁሉ ስፍራ አይሆንም።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከዛሪማ ወደ ደባርቅ የሚያወጣውን የሊማሊሞን መንገድ የማያውቅበት ጠመዝማዛ አልነበረም። የመኪናው የሙቀት መለኪያ ሞቶ መርፌው ዜሮ ላይ ተኝቶ ከአንድ ዓመት በላይ ቆየ። «አባባ፣ ለምን አታሠራውም?» ስለው፣ «ልጄ፣ እኔ ሞተሬን በጆሮዬ አውቀዋለሁ» ይለኝ ነበር፤ ዕውነትም ያውቀው ነበር። የራዲያተሩ ክዳን ጎማም አርጅቶ ግፊት መያዝ ትቷል። አንድ ቀን ጤፍ ጭነን ስንወጣ፣ እኔ ረዳቱ ሆኜ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር፤ ከጫፉ ሳንደርስ ነጭ እንፋሎት ወጣ። ቆላ ቢሆን ውሃው ገና ይታገሥ ነበር። ደጋው ላይ ግን ፈልቶ አልቆ ነበርና፣ ቴስታታው ተሰነጠቀ። ጆሮ የሚሰማው ሞተሩ መጮህ ሲጀምር ነው፤ መርፌው ቢኖር ግን ሩብ ሰዓት ቀድሞ በነገረን። ያቺን መኪና ለማሠራት አባቴ ሁለት በሬ ሸጠ፤ የእኔም ትምህርት አንድ ዓመት ዘገየ። «ዕውር ሲቀናጣ ምርኩዙን ይወረውራል» የሚለውን ተረት ከዚያ በኋላ የተናገረው እሱ ራሱ ነው።

እዚህ ድረስ የሰማችሁኝ የሕክምና ተማሪዎች «ይህ የመኪናና የአውሮፕላን ሰዎች ጉዳይ ነው» እንዳትሉኝ፤ ነገሩ ከእናንተ ደጅ ደርሷል። የቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚቀቀልበትን የእንፋሎት ድስት፣ አውቶክላቭን አስቡት። መጽሐፉ በ15 ፓውንድ ግፊት 121 ዲግሪ ሙቀት ይገኛል ይላል፤ ዕውነቱን ነው፣ ግን የባሕር ዳርቻን ዕውነት። በብዙዎቹ ድስቶች ላይ ያለው የግፊት መርፌ እንደ ጀርመኑ አታ ከፍጹም ባዶ ተነሥቶ አይቆጥርም፤ በዙሪያው ካለው አየር ተነሥቶ ይቆጥራል። የጎንደር አየር የሳሳ ስለሆነ፣ መርፌው 15 ሲል ውስጡ ያለው ሙቀት 117 ዲግሪ ያህል ነው። ከመርፌው በቀር የሚያየው የሌለ ነርስ 121 ደረስሁ ብሎ ሰዓቱን ይቆጥራል። 121ን ለማግኘት በጎንደር መርፌው 18 ያህል ማለት አለበት፤ ደባርቅና ጃናሞራ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ሙቀቱን ራሱን የሚለኩ ዘመናዊ ድስቶች ይህ ስሕተት አያገኛቸውም። ነገር ግን በገጠር ጤና ጣቢያ በምድጃ ላይ የሚጣድ፣ አንዲት የግፊት መርፌ ብቻ ያላት ድስት ሲያጋጥማችሁ፣ የአብራሪው ጥያቄ የእናንተም ጥያቄ ይሁን። እዚያ የሚከፍለው በሬ የሸጠ አባት አይደለም፤ በምጥ የመጣች እናት ናት።

እንግዲህ ለጸሐፊው ጥያቄ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። የምንገለገልባቸው መሣሪያዎች አብዛኞቹ በዝቅተኛ አገር፣ ለዝቅተኛ አገር ተሠርተው የመጡ ናቸው። መሣሪያው ክፉ አይደለም፤ ሠሪውም አላታለለንም። ከፍታችንን ልንነግረው የሚገባን እኛ ነን። እኛ ካልነገርነው፣ መርፌው እኛ ስለሌለንበት አገር እያወራ ይኖራል።

በመጨረሻ አንድ አሳብ ለኅብረቱ አቀርባለሁ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። በየቤተ ሙከራችንና በየአውደ ጥናታችን ግድግዳ ላይ ሦስት መሥመር እንጻፍ፤ ይህ ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ የአየሩ ግፊት ስንት እንደሆነ፣ ውሃ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ። ለልምምድ ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅ፣ ወደ ጃናሞራ የሚሄድ ተማሪም ቴርሞሜትር ይዞ በሄደበት ጤና ጣቢያ ውሃ አፍልቶ ይለካ፤ ያገኘውንም ከድስቱ አጠገብ በጉልህ ጽፎ ይለጥፍ። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ከናንተ መካከል በዚህ ክረምት ወደ አገሩ የሚመለስ ሁሉ፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በውሃ መሳቢያው፣ በመኪናው ላይ የሞተ መርፌ ቢያይ ዝም ብሎ አይለፈው። አባቴ ዛሬም በሕይወት አለ፤ አሁን የሚነዳት መኪና መርፌዋ ይሠራል። ባለፈው ሳምንት ደውዬ ስለ ንግግሬ ስነግረው፣ «ስለ ጀርመኖቹ የፈለግኸውን በል፤ ስለ ክዳኑ ጎማ ግን ሳትነግራቸው እንዳትወርድ» አለኝ። ነግሬያችኋለሁ።